ሽንት ቤት ላይ ውሃ ሲለቀቅ የወጥ ቤቱ ሲንክ ለምን ቡልቅ ቡልቅ ይላል?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን የምንኖርበት ቤት ከተሠራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ሲለቀቅ የወጥ ቤቱ ሲንክ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ አንዳንዴ የሻወሩ ወለል ማፍሰሻም አብሮ ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቱ ይሸታል። ሲንኩ ራሱ ውሃ የሚወስደው ከድሮው ቀስ ብሎ ነው። ከሱቅ የተገዛ የቱቦ መክፈቻ ዱቄት ደጋግመን ጨመርንበት፤ ለጥቂት ቀን ይሻለውና ይመለሳል። የጠራነው ሠራተኛ ቱቦው ጠቧል፣ ወለሉ ፈርሶ በሙሉ ይቀየር አለን። ባለቤቴ ደግሞ የውሃ ግፊት ነው ይላል፤ ውሃ በፈረቃ መጥቶ ሮቶና ጀሪካን የምንሞላ ቀን ድምፁ ይበዛልና። አምና ቆርቆሮ ሲቀየር ሠራተኞቹ ጣራ ላይ የነበረውን ቱቦ ዝናብ እንዳያስገባ ብለው ከቆርቆሮው በታች ቆርጠው በፌስታል አስረውታል፤ ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም። ጓሮ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ተከራይተዋል፤ የእነሱም ፍሳሽ ከእኛው ጉድጓድ ይገባል። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦

ወለሉ አይፈርስ። ከጻፉት ሁሉ ዋናው እግረ መንገድዎን የጠቀሱት፣ ተቆርጦ በፌስታል የታሰረው ቱቦ ነው። ያ ቱቦ የቤቱ ፍሳሽ መተንፈሻ ነበር። እሱ ሲዘጋ ድምፅም ሽታም ይመጣል። የሲንኩ ውሃ ቀስ ብሎ መውሰድ ግን ሌላ ችግር ነው። ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ አንድ መስለው ታይተዋል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየብቻ ነው፤ ወለል ማፍረስ ደግሞ ለአንደኛውም መፍትሔ አይሆንም።

የባለቤትዎን ግምት ላስቀድም። የንጹሕ ውሃው መስመርና የፍሳሹ መስመር አይገናኙም። ግፊት ያለው በንጹሕ ውሃው ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ ድም የሚል፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አየር እየተፋ የሚንፈቀፈቅ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ነው እል ነበር። ከሲንኩ ቀዳዳ፣ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ቡልቅታ የፍሳሽ ነው። ያም ሆኖ ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው። ውሃ በመጣ ቀን ልብስ ይታጠባል፣ ገላ ይታጠባል፣ ሽንት ቤቱ ላይ ባልዲ በባልዲ ይደፋል፤ ተከራዮቹም በዚያው ሰዓት እንዲሁ ያደርጋሉ። የሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን አንዴ የሚለቀው ከ6 እስከ 9 ሊትር ነው። ትልቅ ባልዲ ግን 20 ሊትር ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ ሲደፋ ቱቦውን ሞልቶ ይወርዳል። ድምፁን የሚያበዛው ይህ ነው።

ድምፁ የአየር ነው። ከሞላ ጀሪካን ውሃ ሲቀዳ ጉልቅ ጉልቅ የሚለው የወጣውን ውሃ የሚተካው አየር በዚያው አፍ መግባት ስላለበት ነው፤ ከላይ ሌላ ቀዳዳ ቢኖረው ውሃው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ከሽንት ቤት የተለቀቀው ውሃም ቱቦውን ሞልቶ ሲሮጥ ከኋላው ያለው ቦታ አየር ይፈልጋል። ጣራ ላይ ክፍት ቱቦ ካለ አየሩ ከዚያ ይገባል፤ ማንም ሳይሰማ ያልፋል። ከሌለ በቅርብ ካገኘው ቀዳዳ ይስባል፤ በእርስዎ ቤት እነዚህ ቀዳዳዎች ሲንኩና የሻወሩ ወለል ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሥር ሲፎን የሚባል ጠማማ ቱቦ አለ፤ ሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ መተኛት ያለበት ውሃ አለ። አየሩ ያንን ውሃ እየበሳ ሲያልፍ ነው ቡልቅ ቡልቅ የሚለው።

ሲፎን ጠማማ የሆነበት ምክንያት ዕቃ ሲወድቅ ለመያዝ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ሥራው ሌላ ነው። ጥልቀቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ያ ውሃ የጉድጓዱ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋ በር ነው። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ከሲፎኑ ትንሽ ትንሽ እየተሳበ ይሄድና በሩ ክፍት ይቀራል። ማታ የመጨረሻው ሰው ሽንት ቤት ተጠቅሞ ይተኛል፤ ሲንኩ ላይ ግን እስኪነጋ ውሃ የሚያፈስስበት የለም፤ ለብርዱ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ያድራል። የጠዋቱ ሽታ ምንጭ ይህ ነው፤ ዕቃ ታጥቦ ሲፎኑ ሲሞላ ይጠፋል። ጠዋት ገና ሳይነካ የሲንኩን ሲፎን በጆግ ውሃ ሞልተው ሽታው ወዲያው ከቀነሰ ይህን አረጋገጡ ማለት ነው።

እንግዲህ ዕቃ ሳይገዛ ሊደረግ የሚችል ፍተሻ አለ፤ ሠራተኛ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ ያድርጉት። ስስ ፌስታል በውሃ አርጥበው የሲንኩን ቀዳዳ ያልብሱት፤ ዙሪያውን በጣትዎ እየተጫኑ ከብረቱ ጋር ያጣብቁት። ሲንኩ ሁለት ጎድጓዳ ካለው ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ከላይ ትርፍ ውሃ የሚወስድ ቀዳዳ ካለውም እሱ በእርጥብ ጨርቅ ይደፈን። ከዚያ ሌላ ሰው ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ይድፋ። ፌስታሉ ወደ ቀዳዳው ከተሰረጎደ ቱቦው አየር እየሳበ ነው፤ መተንፈሻ አጥቷል። ወደ ላይ ከተነፋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የወረደው ውሃ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ነው፣ አየሩም መውጫ አላገኘም፤ ማለትም ከታች በኩል የተዘጋ ነገር አለ ወይም ጉድጓዱ ሞልቷል። ሁለቱም ከታየ ሁለቱም መንገድ ይፈተሽ። ጣራው ላይ ከሆነው ነገር ተነሥቼ የእርስዎ ይሰረጎዳል ብዬ እጠብቃለሁ።

ቀጥሎ ፍሳሹ ከቤት ወጥቶ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ማንሆል ይክፈቱ። ክዳኑን አንሥተው ለጥቂት ደቂቃ ራቅ ብለው ይቆዩ፤ ከዚያ ቀረብ ብለው ይዩ። ማንሆሉ ውስጥ ውሃ ቆሞ ካገኙ የተዘጋው ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ጉድጓዱ በሚወስደው መስመር ነው። ባዶ ሆኖ የቱቦው መሄጃ ብቻ ከረጠበ ከዚያ ወዲያ ያለው ደህና ነው፤ ፍለጋው በቤቱና በማንሆሉ መካከል ይጠባል። አንድ ሰው ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ሲለቅ ውሃው በስንት ጊዜ ማንሆሉ እንደሚደርስ፣ በአንድ ጊዜ ወይም እየተንጠባጠበ እንደሚመጣም ይመልከቱ። ማንሆል ሳይከፍት ወለል ይፍረስ ያለ ሠራተኛ የት እንደተዘጋ ሳያውቅ ነው የፈረደው። ደግሞም የፒቪሲ ቱቦ አይጠብም። የሚጠበው በውስጡ የሚጋገረው ነገር ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከወጥ ቤቱ በሚወጣው 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ እንጂ ከሽንት ቤቱ በሚወጣው 110 ላይ አይደለም።

ወደ ጣራው ልመለስ። ፌስታሉን ፈትቶ እንዲሁ መተው መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም የባሰ ነው። ቱቦው አፉ ከቆርቆሮ በታች ስለሆነ የጉድጓዱ ጋዝ ወደ ኮርኒሱ ገብቶ በክፍሎቹ ሁሉ ይሰራጫል። ቱቦው ተቀጥሎ ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ በአጠገቡ መስኮት ካለ ከመስኮቱ አናት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሲቀጠል ከነበረው ውፍረት ቀጭን ቱቦ አይታሰር። አፉ ላይ ወፍ እንዳይሠራበት የሽቦ ወንፊት ይበቃዋል። መድፈኛ አይደረግበት።

ዝናብ ይገባል ለሚለው ስጋት ቁጥሩን ልንገርዎ። አፉ 110 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር የሚለካ ከባድ ዝናብ ቢዘንብ የሚገባው ውሃ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ይህ ለፍሳሽ መስመር ምንም አይደለም። የሚያስፈራው በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ወደ ኮርኒስ የሚወርደው ነው፤ እሱ በላስቲክ ቀለበትና በሲሊኮን በደንብ ይታሸግ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ብርቱ ስለሆነ ቱቦው ከእንጨቱ ጋር በማሰሪያ ይጥበቅ፤ ፀሐይ ፒቪሲን በጊዜ ብዛት ስለምታሰባብረው የወጣው ክፍል ቀለም ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል።

ቱቦው እንደገና ከተከፈተ በኋላ ሽንት ቤቱ ዝም ብሎ፣ ሲንኩ ግን የራሱ ውሃ ወርዶ ሲያልቅ ብቻ ቢጮኽ፣ መተንፈሻው ከሲንኩ ሩቅ ነው ወይም ሲፎኑ የተሳሳተ ነው። ከሲፎኑ የሚወጣው ቱቦ ወደ ግድግዳ አግድም የሚገባ ከሆነ መልካም። ታጥፎ ቀጥ ብሎ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ ግን የሚሮጠው ውሃ የሲፎኑን ውሃ ጎትቶ ይወስደዋል፤ ይህ ዓይነቱ በየቤቱ ሞልቷል። ሱቅ የሚሸጠው እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ቱቦም ተንጠልጥሎ ሁለተኛ ሲፎን ይሠራል፤ በሁለት ውሃ መካከል የታሰረ አየር ይጮኻል፣ ውሃም ያዘገያል። አንድ ማፍሰሻ አንድ ሲፎን ብቻ ይበቃዋል። የሚተጣጠፈው ወጥቶ በጠንካራ ቱቦ ይተካ፤ ቁልቁለቱ በውሃ ልክ ተለክቶ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የበለጠ ቁልቁል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ከሲፎኑ እስከ አየር ቱቦው ባለው ርቀት ውስጥ ጠቅላላው ቁልቁለት ከቱቦው ውፍረት ከበለጠ አየር ማግኛው ይደፈንና ሲፎኑ ይሳባል። ደብረ ሲና ገደል ላይ በተሠሩ ቤቶች ውሃ እንዲሮጥ ተብሎ እጅግ ቁልቁል የተዘረጋ ቱቦ የሚጮኸው ስለዚህ ነው።

ለሲንኩ ብቻ የሚሆን መተንፈሻ ማውጣት ካስፈለገ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከሲፎኑ አንድ ሜትር ተኩል ሳይርቅ ከማፍሰሻው ጀርባ ላይ ተነሥቶ በውጭ ግድግዳ በኩል ወደ ጣራ ይወጣል። አግድም የሚሄድበት ቦታ ካለ ከሲንኩ ከንፈር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሂድ፤ አለበለዚያ ማፍሰሻው ሲዘጋ ቆሻሻ ውሃ ወደ አየር ቱቦው ገብቶ ይደፍነዋል። ይህን ሁሉ ሥራ ለማስቀረት አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ፣ ወደ ውጭ የማያስወጣ ቫልቭ አለ። ከሲንኩ ሥር ይገጠማል፤ ግድግዳ አይነካም። እኔ የምመክረው ጣራ ላይ ቢያንስ አንድ ክፍት ቱቦ ላለው ቤት ብቻ ነው፤ ቫልቩ የጉድጓዱን ጋዝ አያስወጣምና የጣራውን ቱቦ ሊተካ አይችልም።

አሁን ስለ ዱቄቱ። አየር ላጣ ቱቦ የትኛውም ኬሚካል አየር አይሰጠውም። ለጥቂት ቀን የተሻለው ከሲንኩ ስብ ጥቂቱ ስለቀለጠ ነው። ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ከስብ ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል፣ ዝቅ ብሎ ከቀዘቀዘ ደግሞ እንደገና ይረጋል። ከዚህ በኋላ አይጨመርበት፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ሠራተኛ ሲፎኑን ሲፈታ ያ ውሃ ፊቱና ዓይኑ ላይ ሊረጭ ይችላል። መጨመርዎን ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት። የባትሪ አሲድ የሚደፉም አሉ፤ በኮስቲክ ላይ አሲድ ሲገባ ይፈላና ይፈነዳል። በረኪናን ከአሲድ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰውም ይገድላል።

ሲንኩን ያዘገየው ስብ ለመሆኑ ብዙ አልጠራጠርም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ የሚረጋው የምግብ ዘይትም በዚያ ብርድ ጠርሙስ ውስጥ እንኳ ይጠጥራል። የወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅቤው ፈሶ ይገባል፤ ግድግዳውና ወለሉ ውስጥ ያለው ቱቦ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ይለጠፋል። በላዩ ላይ የሊጥ እጣቢ፣ የጠላ አተላ፣ ድስት የተፈተገበት አመድ ይጋገርበታል። አመድና አተላ ፈጽሞ ወደ ሲንክ መግባት የለባቸውም።

የሚጠረገው በኬሚካል ሳይሆን በእጅ ነው። ሲፎኑ ሥር ባልዲ ተደርጎ ይፈታ፤ ይታጠብ። ከዚያ በሚሽከረከር የስፕሪንግ ሽቦ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ማንሆሉ ይጠረግ፤ ከማንሆሉ በኩልም ወደ ላይ ይደገም። መጨረሻ ላይ ሙቅ ውሃ በሳሙና ይፈስስበት። ሙቅ ስል የፈላ ማለቴ አይደለም። በእናንተ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ 80 ገደማ ላይ ይለሰልሳል፤ የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ በቀጥታ ከተደፋበት ቱቦው ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያውም ይለቃል። ከዚህ በኋላ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ስቡ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይጠረግ።

ስለ ጉድጓዱ አጭር ነገር ልበል። ሦስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ጉድጓድ ለአንድ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። ሁለት ክፍል ያለው ሴፕቲክ ታንክ ከሆነ ዝቃጩ ከጥልቀቱ ሲሶ ሲደርስ መመጠጥ አለበት። ወደ ታንኩ የሚገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ቲ (የ«T» ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ) በተንሳፈፈ ስብ ሲደፈንም ልክ እንደሞላ ጉድጓድ ያስመስላል፤ መኪና ከመጠራቱ በፊት እሱ ይጸዳ። ድምፁ በሐምሌና በነሐሴ ብሶ ከመስከረም በኋላ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ማስረጊያው፣ ማለትም ፍሳሹ ወደ አፈር የሚሰርግበት ጉድጓድ ነው። መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) አፈር ክረምት ላይ ውሃ ጠግቦ ሌላ አይቀበልም፤ የእነዋሪ ገበሬ ማሳውን በእጁ መደብ እየሠራ ውሃ የሚያጠነፍፈው ለዚህ ነው። እዚያ አፈር ላይ የተቆፈረ ማስረጊያ ቢመጠጥም በሳምንት ይመለሳል፤ ማስፋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ጥልቅ ማንሆል አይግባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ዕቃ ወድቆበትም ቢሆን። ውስጡ ኦክስጅን የለም፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱ ያደነዝዛል፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። የወደቀውን ለማውጣት የገባውም አብሮ ይቀራል። ሚቴን ስላለ ክብሪት፣ ጧፍ፣ ሲጋራ አጠገቡ አይቅረብ፤ ለማየት የስልክ መብራት ይበቃል። ክዳኑ ተከፍቶ ልጅ በግቢው አይተው።

ይህን የሚያነብቡ የሸዋ ሮቢት ሰዎች ካሉ፣ ሽታው ብቻ ካለና ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ነው። በዚያ ሙቀት ብዙ የማይሠራበት የወለል ማፍሰሻ በጥቂት ሳምንት ይደርቃል። በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቤቱ ተዘግቶ የሚከርም ከሆነ በውሃው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ቢጨመር ትነቱን ያዘገየዋል።

ለእርስዎ የምለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ ዛሬ የፌስታሉ ፍተሻና ማንሆሉ፣ በዚህ ሳምንት የጣራው ቱቦ፣ ከእሱ ጋር የሲንኩ መስመር በሽቦ መጠረግ። ጉድጓዱ የሚመጠጠው ማንሆሉ ውስጥ ውሃ ቆሞ ከተገኘ ነው። ወለል የሚነካው ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽቦው አንድ ቦታ ላይ እየደጋገመ እንቢ ካለ ብቻ ነው፤ ያኔም የሽቦው ርዝመት ተለክቶ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይቆፈራል እንጂ ሙሉ ወለል አይነሣም።

ለሠራተኛው ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሲንኩን ደፍነው እስከ አፉ ይሙሉት፤ ሻወሩም ይከፈት። ከዚያ ሲንኩ ይለቀቅና በዚያው ቅጽበት ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ባልዲ ይደፋ፤ አንድ ሰው ሲንኩ ዘንድ፣ አንድ ሰው ሻወሩ ዘንድ ቆሞ ያዳምጥ። ሁለቱም ጋ ድምፅ ከሌለ ሲፎኑ ሥር ሳፋ አድርገው የታችኛውን ክዳን ይፍቱት፤ ሳፋው ላይ የሚወርደው ውሃ የሲፎኑን ጎድጓዳ የሚሞላ ከሆነ ሥራው አልቋል፣ ይክፈሉት። ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወረደ አየሩ አሁንም ከዚያ እየተሳበ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ጣራው ይመለስ።